የሃምሳ አለቃው የዘመድ ልጅ

ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቢቸና

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እርማት አላለቀልኝም። ሰባ ሁለት የሒሳብ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። ዛሬ አንድም አልነካሁም።

በሻይ ሰዓት ስርጉት ስልኳን ይዛ መምህራን ክፍል ገባች። ስርጉት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ያየችውን ነገር ሳታሳይ የምታድር ሴት አይደለችም። «ይህን ሰውዬ ሳታዩ ማንም ከዚህ አይወጣ» ብላ ስልኳን ከስኳር ዕቃው አስደግፋ ከፈተችው። ሞጣ ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ። ተማሪው ወለሉ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። መድረኩ ላይ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ማይክ ይዞ ስለ ሶማሌ ጦርነት ይናገራል። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ በ1969 ወደ ኦጋዴን የዘመተ ነው። ሃምሳ አለቃ ሽታሁን ይሉታል።

አባቴ ነው።

ውሃ አጥተው ስለከረሙበት ሰሞን ነበር የሚያወራው። አንድ ኮዳ ለዘጠኝ ሰው። እያንዳንዱ ተጎንጭቶ ለቀጣዩ ማስቀረት አለበት። የመጨረሻው ባለ ተራ ወልደ ኪዳን የሚባል ጓደኛው ነበር፤ ኮዳው እጁ ሲገባ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ሞተ። «ከዚያ ወዲህ የጠጣሁበትን ዕቃ አሟጥጬ አላውቅም፤ የወልደ ኪዳንን ድርሻ አስቀራለሁ» አለ። አዳራሹ ሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ስርጉት አለቀሰች።

እኔ ያችን ከኩባያው ሥር የምትቀር ውሃ ስደፋ ነው ያደግሁት። «ምነው አባዬ፣ አንዴ ጠጥተህ ብትጨርሰው» እያልኩ። ምክንያቱን በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ከስኳር ዕቃ ሥር ሰማሁት። የሞጣ ተማሪዎች እንኳ ቀድመውኛል፤ ቪዲዮው ያለፈው ቅዳሜ ነው።

ስርጉት ዞር ብላ፣ አንቺ የሞጣ ልጅ አይደለሽም ወይ፣ ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለችኝ።

በዓይን አውቃቸዋለሁ አልኳት።

ጥር 29

ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ሥራ ፈት ነኝ እንዴ? ዕድሜ ይስጥልን፣ ባለውለታችን፣ የኛ ጀግና። «ምነው የኔ አባት በሆኑ» ያለች አለች። ፎቶዋን ከፍቼ አየኋት። ከንፈሯን የቀባች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አርፈሽ የራስሽን አባት ጡሪ።

ማታ ደወልኩለት። ስለ እናቴ ጉልበት አወራን። ስለ ጤፍ አወራን። ቢቸና ብርድ ነው ወይ አለኝ፤ ነው አልኩት። ስለ አዳራሹ ትንፍሽ አላለም። እኔም አላነሣሁም። መጀመሪያ መናገር ያለበት እሱ ነዋ!

ባዘዘው፣ ባሌ፣ ከአልጋው ጫፍ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ «አንቺስ አንድ ቀን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። የግብርና ባለሙያ ነው፤ ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው ይናገር።

የካቲት 3

ትናንት ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ለእናቴ የጉልበት ቅባት ላደርስ ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ቅባቱ ሞጣም ይሸጣል።

በር ላይ የሴት ጫማ አየሁ። ገብቼ ሳይ ሀሲና የምትባል የሞጣው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት አባቴ አጠገብ ተቀምጣለች። ዘማቾችን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ለተማሪ እንዲናገሩ የምታደርገው እሷ ናት። ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ቴምር ይዛለት መጥታለች። ስልኳን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ትቀዳለች። «አባባ፣ ይህን ይድገሙልኝ» ትለዋለች፤ ይደግምላታል። «አባባ፣ እዚህ ጋ ዘለሉ» ትለዋለች፤ ይስቃል። ጎን ጥርሱ እንደወለቀ ትናንት አየሁ። እኔ ጋ እንደዚያ አፉን ከፍቶ ስቆ አያውቅማ።

ሲያየኝ ሣቁን ዋጥ አደረገ። ተነሥቶ ሳመኝና ወደ እሷ ዞረ።

«ተዋወቂ፤ መምህርት እፀገነት ትባላለች። ቢቸና ነው የምታስተምረው። የዘመድ ልጅ ናት።»

እናቴ ወለሉን አየች። ልጅቷ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። እኔ ምን እላለሁ? እንዴት ነሽ አልኳት።

የዘመድ ልጅ! ለእሷ ሣቁንም ጦርነቱንም፣ ለእኔ የዘመድ ልጅነት።

ስወጣ እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። አባዬ ዱሮ ዝምተኛ ነበር፣ አሁን ምን አስለፈለፈው ብያት ነበር። እምዬ አምሳለች ነገር አታበዛም። «ዱሮም ይናገር ነበር። አድማጭ ነው ያጣው» አለችኝ።

የካቲት 4

የዘመድ ልጅ ያለኝበትን ምክንያት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለማንም ስለማልናገረው ለዚህ ደብተር ልናገር።

ሰነዴ ሁሉ እፀገነት የኔሰው ነው የሚለው። የኔሰው የእናቴ ወንድም ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ቢቸና እሱ ቤት እየኖርኩ ተማርኩ። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፎርም ሲሞላ በአባት ቦታ የእሱ ስም ገባ። አጎቴ ነው ያስሞላው። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ የደርግ ወታደር ማለት ስድብ ነበር፤ አባቴ ሞጣ መናኸሪያ ጆንያ ይሸከም ነበር። ሚኒስትሪ ላይ የገባ ስም ደግሞ እስከ ዲግሪ ይከተላል። ቢቸና የአቶ የኔሰው ልጅ እንደሆንኩ ነው የሚያውቀው። ሽማግሌ የተላከው ለእሱ ነው፤ የመረቀኝም እሱ ነው። አባዬ ሠርጌ ላይ ከሞጣ እንግዶች ጋር ተቀምጦ በላ። ባዘዘው ያውቃል። ቢቸና ውስጥ ሌላ የሚያውቅ የለም። አጎቴም ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።

ዛሬ ደግሞ ዳይሬክተራችን አቶ ፋንታ ጠራኝ። ለካራማራ ድል በዓል፣ ለየካቲት 26፣ ያንን ሃምሳ አለቃ ወደኛ ትምህርት ቤት እንድናመጣው ተወስኗል። «አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ ሂጂና ለምኝልን» አለኝ።

እሺ አልኩ።

የካቲት 11

አልደወልኩም። እርማት በዛብኝ።

የካቲት 14

አቶ ፋንታ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ምን አሉ አለኝ። አሟቸዋል አልኩት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ። አባቴ በሕይወቱ ጉንፋን የያዘው ሁለት ጊዜ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ በጤናው ላይ አሟረትኩበት።

ግን ይምጣና ምን ልሁን? እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ለሺህ ተማሪ ሲናገር፣ እኔ ከመምህራን ወንበር ላይ እንደ ባዳ ላጨብጭብ?

የካቲት 18

ውሸቴ ወለደች። ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሃምሳ አለቃው እንደታመሙ ተነግሮ፣ ተማሪዎች የምስጋናና የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ስርጉት ናት ያስተባበረችው፤ ሌላ ማን ሊሆን። አንድ ፌስታል ሙሉ ደብዳቤ ሰጠችኝ። በሰው እጅ ሞጣ ላኪላቸው አለችኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ከፈተና ወረቀቶች ሥር አስገባሁት።

የካቲት 19

ደብዳቤዎቹን አነበብኳቸው። ያልታሸገ ደብዳቤ ማንበብ ምን ነውር አለው?

«ውድ አባታችን» ይላል ሁሉም። ማን አባታችሁ አደረገው? እኔ ሦስተኛ ረድፍ ላይ እያስቀመጥኩ እኩልዮሽ የማስተምራቸው፣ አንድ መስመር ቀጥ አድርገው የማይጽፉ ልጆች፣ ለእሱ ገጽ ሙሉ አሳምረው ጽፈዋል። አንዱ እግርዎን ልጠብልዎት ይላል። አንዷ ስድብ የሰሙበትን ዘመን ስለቻሉልን እናመሰግናለን ትላለች፤ ስለዚያ ዘመን ማን ነገራት?

አንድ ደብዳቤ አጭር ናት። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት የጻፈችው፤ ስሟ ይርጋነሽ ነው፤ ፈተናዬን የወደቀች። «ከጦርነቱ ሲመለሱ ማን ተቀበለዎት?» ብላ ብቻ ጠይቃለች።

በሰኔ 83 ነው የተመለሰው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከየት እንደሆነ እንጃ በእግሩ መጥቶ፣ እግሩ አብጦ፣ የሴት ነጠላ ተከናንቦ አጥራችንን ተደግፎ ቆመ። ለመጨረሻ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ ያየሁት መለዮ ለብሶ ነበር። እናቴ ጮኸች። እኔ ጎረቤት ቤት ነበርኩ።

ጎረቤት ቤት የገባሁት ካየሁት በኋላ ነው። ልጅ ነበርኩ፤ ፈራሁ። ጓደኞቼ ነበሩ።

ይህን ለይርጋነሽ ማን ይነግራታል?

የካቲት 26

ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ዋልኩ። የማስቀረው ነገር የለም፤ ሁሉንም ልጻፍ።

ፌስታሉን ይዤ ነው የሄድኩት። በደብረ ወርቅ በኩል፣ በሚኒባስ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌው። ደብዳቤውን ሰጥቼው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ለካራማራ በዓል የሞጣው ትምህርት ቤት አዳራሽ ጢም ብሏል። ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሀሲና አስተዋወቀችው። ምን ብላ እንደምታስተዋውቀው የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም፤ አባባ ትላለች፣ አዳራሹ ያጨበጭባል።

ዛሬ ስለ ውጊያ ብዙ አላወራም። ከኦጋዴን በኋላ ወደ ሌላ ግንባር ተዛውሮ ሳለ ሴት ልጅ እንደተወለደችለት በደብዳቤ ሰማ። ደብዳቤው የደረሰው በሰባተኛው ወር ነው። ፈቃድ ያገኘው ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው። ሲመጣ በር ላይ ቁጭ ብላ ሽሮ እህል ትለቅማለች፤ ማን ነህ አለችው። «ምን ብዬ ልመልስላት? የጥይት ድምፅ ያላስደነገጠኝን ያህል ያ ጥያቄ አስደነገጠኝ» አለ። ተማሪው ሣቀ። አንዳንዱ ደግሞ አለቀሰ።

እኔን ነው። እኔን እያወራ ነው፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ከሰው ጋር እየሰማሁ። ለእኔ ያልነገረኝን የራሴን ልጅነት ለአዳራሽ ሙሉ ሰው አከፋፈለው። ቅናት ነው ብል አላፍርም፤ ቅናት ነው። ያቃጥላል።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄ ወጣ። ሀሲና አይታኝ ማይኩን አስላከችልኝ። አባቴ አሻግሮ አየኝ። መቼም ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ደነገጠ። ከዚያ እንደ ወታደር ቀጥ አለና፣

«እሺ መምህርት፣ ይጠይቁ። እንሰማዎታለን» አለኝ።

እርስዎ አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። ሰው እንዳያውቅብኝ ነው። ማይኩን ይዤ ቆምኩ። አባዬ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ነበር። «የዘመቱት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አልኩ።

ሲጀምር ተናግሮታል። ከፊት ያሉ ልጆች ሣቁብኝ። እሱ አልሣቀም። «በስድሳ ዘጠኝ ነው መምህርት። ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ሲያልቅ ተማሪው ተሰልፎ ጉልበቱን ሳመ። እኔ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ፌስታሉ አብሮኝ ተመልሷል።

የካቲት 29

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለኝ አቶ ፋንታ፣ በሁሉም ፊት። ስርጉት የማክሰኞውን ቪዲዮ አግኝታለች። ታመዋል የተባሉት ሃምሳ አለቃ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲናገሩ። እኔም አለሁበት፤ ማይክ ይዤ በስንት ዓመተ ምሕረት እያልኩ።

ተሽሏቸው ነው አልኩ። ማንም አላመነኝም። ስርጉት አላኮረፈችም፤ ያዘነችልኝ ትመስላለች። ያ ይብሳል።

መጋቢት 3

አቶ ፋንታ ራሱ ሞጣ ደውሎ ሀሲናን ለመነ። መልሱ መጣ። ሃምሳ አለቃ ሽታሁን ሌላ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ፣ ቢቸና ግን አልሄድም ብለዋል። አቶ ፋንታ ተቆጥቶ ቢቸና ምን በደለቻቸው ይላል።

እኔ ነኝ። ተቀይሞኝ ነው። ለመላው ጎጃም ይናገር፣ ልጁ ባለችበት ግን አይረግጥም። ጎሽ! ልጅነቴን ለሀሲና ካወረሰው ቆይቷል።

ምሳ አልበላሁም። ባዘዘው ጾሙን ጠብቀሽ ነው ወይስ ኩርፊያ አለኝ።

መጋቢት 4

ሀሲና ደወለች። ቁጥሬን ከአቶ ፋንታ ወስዳ ነው። ስለ ደወለችልኝ ይቅርታ ጠየቀች። ቢቸና የማውቀው ሰው ስለሌለኝ ነው አለች፤ እርስዎ ደግሞ ዘመድ ነዎት።

«አባባ እንቢ ያሉት በእናንተ ተቀይመው አይደለም። ቢቸና ልጅ አለችኝ አሉ። ‹ተምራ በክብር የምትኖር ልጅ ናት፤ በእኔ እንድታፍር አልፈልግም፤ እዚያ ከተማ ስሜ አይጠራባት› አሉኝ። ስሟን ግን አይነግሩኝም። ያውቋታል?»

አውቃታለሁ አልኩ።

«እባክዎ ይንገሯት። እኔ ብሆን በየመንገዱ ነበር የምለፍፈው» አለች። እነግራታለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል እኔ የካቲት 4 ላይ የጻፍኩትን። ሙት አያወራም ብዬ በአጎቴ አላከክሁ። ፎርሙን አጎቴ አላስሞላውም። አጎቴ ክፍል ውስጥ አልነበረም። የክፍል ኃላፊያችን ዴስክ በዴስክ እየዞሩ የአባት ስም ሲሉ፣ አፌን ሞልቼ የኔሰው ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ማንም አላስገደደኝም።

ውጤት ሲመጣ ሰርተፊኬቱን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። አባዬ እጁን ታጥቦ ተቀበለኝ። ስሙ ያለበትን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እጥፋቱን ጠብቆ መልሶ አጠፈው። «ጥሩ ውጤት ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው በሰው ፊት የዘመድ ልጅ የሆንኩት። እንዲህ በል ያለው የለም። ራሱ ነው የጀመረው፣ ለእኔ ብሎ። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳይሳሳት።

እኔ ደግሞ ለምን አልነገረኝም ብዬ ቀናሁ።

መጋቢት 7

ሞጣ። ፌስታሉን አውጥቼ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት። በየመሃሉ እግዜር ይስጣቸው ይላል። መታመሙን ከደብዳቤዎቹ ሰማ፤ ማን ነው ያሳመመኝ አለ፤ እኔ አልኩት፤ ሣቀ። የወለቀው የጎን ጥርሱ ቦታ ታየ።

ቢቸና ና አልኩት።

እሱም ጠየቀኝ፦ «ማን ብለሽ ታስተዋውቂኛለሽ?»

«አባቴ ብዬ።»

እናቴ ሥራዋን አቁማ ታየናለች። አባዬ ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ተጨነቀ። ሰነድሽ ሁሉ በሌላ ስም ነው፣ ዲግሪሽ ላይ ችግር ቢያመጣብሽስ፣ ዳይሬክተርሽ ምን ይላል፣ የባልሽ ወገን ምን ይላል እያለ ጠየቀኝ። ለሁሉም አስቦበታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብበት የኖረ ነው የሚመስለው። እኔ ሕግ ካለ ይጠይቁኝ አልኩ። አንድ ሳምንት አስቢበት አለኝ። አሁን አስቤያለሁ አልኩት።

መጋቢት 12

ማስተዋወቂያ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱም ይረዝማሉ።

መጋቢት 20

አዳራሹ ሞልቶ መስኮት ላይ የተንጠለጠለም ነበር። ሀሲና ከሞጣ አብራው መጥታ ስልኳን በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ተክላለች። ወጥቼ ማይኩን ያዝኩ። የጻፍኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

«የዛሬው እንግዳችን ሃምሳ አለቃ ሽታሁን ናቸው። አባቴ ናቸው። የወለዱኝ አባቴ። የኔሰው አጎቴ ነው። በእሳቸው አፍሬ ስማቸውን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ስርጉት አፏን በእጇ ይዛለች። ሀሲና ከስልኳ ጀርባ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እጇን ሰዳ ስልኩን አጠፋችው።

አባዬ ማይኩን ተቀበለኝ። ሁሉም ጠበቀ። ሞጣ ላይ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ የተናገረ ሰው አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣውም። ጋቢውን አስተካከለ። እንደገና ሞከረ። ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠቁሞ፣

«ልጄ ናት» አለ።

ማይኩን መልሶ ሰጠኝና ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ይኸው ነው።

አቶ ፋንታ ሲወጣ፣ ሁለት ሳምንት የተዘጋጀነው ለሁለት ቃል ነው ወይ አለኝ። ስለ ስሙ ጉዳይ ደግሞ ሰኞ ቢሮ እንድመጣ ነግሮኛል። እመጣለሁ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

አባዬ እኛ ጋ አደረ፤ ዛሬም አልሄደም። ከቅዳሴ መልስ ባዘዘው ሆን ብሎ ገበያ በሌለበት ቀን ገበያ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። በረንዳው ላይ ሁለታችን ቀረን። ምንም አልጠየቅሁትም ነበር። ራሱ ጀመረ። ፀሐይዋ ከአንደኛው ግድግዳ ወደ ሌላው እስክትዞር አወራኝ። ሞጣ ላይ ያልተናገረው ብዙ አለ። ለእናቴም ያልነገራት አለ።

ከሰዓት ሀሲና ደውላ፣ የሚነግሩዎትን በስልክዎ ይቅዱልኝ፣ ለታሪክ ይጠቅማል አለችኝ። አልቀዳም አልኳት። ሣቀች፤ ገብቷታል።

እዚህም አልጽፈውም። ሞጣ የራሷን ሰምታለች። ይሄ የኔ ነው።